"ውሃ ነው፣ ይደርቃል" እና ሌሎች የጥምቀት ሰበቦች

የጥምቀት ማግስት ደሴ ላይ ወሬው ያው ነው፦ ማን አማረበት፣ የየትኛው ሰፈር ጭፈራ ደመቀ፣ ከዚያ ደግሞ ማን በማን ላይ ውሃ ደፋ። ልጆቹ የሃይላንድ ክዳን በምስማር በስተው ይወጣሉ። የሚቆሙት ግን ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ሳይሆን አስፋልት ዳር ነው። ባጃጅ ነጂ፣ ገበያተኛ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ማንንም አይመርጡም። ለምን ሲባሉ ሰበብ አያጡም። እኔም በልጅነቴ ረጭቻለሁና ሰበቦቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

"ጥምቀት ነው፣ ከቤቱ የወጣ ሁሉ ይጠመቃል"

በዚያ ቀን እንደ አዲስ የሚጠመቅ ክርስቲያን እንኳ የለም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ተነስተዋል፤ ጸሎተ ሃይማኖቱም "ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት" ይላል፣ በአንዲት። ጥር 11 ክርስቶስ በዮርዳኖስ በዮሐንስ እጅ የተጠመቀበት መታሰቢያ ነው። ታቦታቱ በከተራ ጥር 10 ወርደው ያድራሉ፤ ሌሊቱን ማሕሌት ተቆሞ ይቀደሳል፤ ጠዋት ከአራቱም ወንጌላት ተነቦ ውሃው ይባረክና ለመጣው ሰው ይረጫል። ለመጣው ነው የምላችሁ። ሰው ተጋፍቶ፣ ነጠላውን ከራሱ ገፎ፣ "እኔንም አባቴ!" እያለ ፊቱን ለውሃው ይሰጣል። ዳቦ ሊገዛ በሌላ መንገድ የሚያልፈው ሰው እዚያ አልመጣም።

"ጠበል ነው፣ በረከት ማንን ይጎዳል?"

ጠበል ከሆነማ እንደ ጠበል ይያዝ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ይሄዳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማስቲካ እያላመጡ እየተንጫጩ ከባጃጅ ኋላ የሚሮጡበት ነገር አይደለም። ደግሞ እውነቱን እናውራ፤ ጠዋት የተባረከው ውሃ ሃይላንዱ ውስጥ ሩብ ሰዓት አይቆይም። ከዚያ በኋላ የሚሞላው ከመንገድ ዳር ቧንቧ ነው፣ ቧንቧው ሲጠፋ ከቦይ። እኛ ከቦይ ቀድተናል፣ እግዜር ይቅር ይበለን። የተረጨው ሰውዬ "አሜን" ብሎ ሲያማትብ አይተን በሳቅ መሬት ላይ ወድቀናል።

"ባህላችን ነው፣ እንደ ሎሚ ውርወራው"

የሎሚውን ነገር ካነሳችሁ እንጨርሰው። ጎረምሳው ሎሚ የሚወረውረው ዓይኑ ውስጥ ለገባች ለአንዲት ልጅ ነው፤ እሷም ካሻት ታነሳዋለች፣ ካላሻት ጥላው ትሄዳለች። መልሱ በእጇ ነው። ውሃ ግን አይመለስም። የጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብም እንዲሁ ነው፦ "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያለ ልብሱን አውልቆ ዝናብ ውስጥ የሚዘለው ልጁ ራሱ ነው እንጂ ጎረቤቱን ጎትቶ አያስመታም። ዩኔስኮ በዓሉን በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል እያሉ የሚከራከሩም አጋጥመውኛል። የተመዘገበው ጥምቀት ነው፣ ሃይላንዱ አይደለም።

"ወሎ ነን፣ እኛ ጋ ሙስሊም ክርስቲያን አንባባልም"

ይሄኛው ሰበብ ከሁሉም ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አንድ ቤት ውስጥ አጎቱ ሼኽ፣ አክስቱ ቆራቢ የሆነ ሰው ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ላይ መጥረጊያ ይዘው የሚወጡ ሙስሊም ወጣቶችም እናያለን። ታዲያ ያንን ሁሉ ፍቅር ውሃ ለመድፋት ፈቃድ አድርገን ወሰድነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ጥቁር ጅልባብ የለበሱ እናት፣ እድሜያቸው ወደ ሰባ፣ ጥግ ጥጉን ይዘው ይመጣሉ። ደረታቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት በእጃቸው ጨምቀው ይዘዋል። አራት ልጆች ከበቧቸው። "እማማ፣ በረከት አይለፍዎት!" አለ አንዱና ከአንገታቸው ጀምሮ ለቀቀው። ሌሎቹ ተከተሉ። እናትየው ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ፈገግ አሉ። "አብሽሩ ልጆቼ፣ አላህ ያሳድጋችሁ" አሉ። ልጆቹ ጨበጨቡ። "አያችሁ? ወሎ እኮ ነው!"

ከዚያ ሱቁ ጋ ደረሱና "ልጄ፣ ትንሽ ልቀመጥ" አሉኝ። ተነሳሁላቸው። የጅልባባቸውን ጫፍ ሲጨምቁት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለሱቁ "ለምን አልተቆጧቸውም?" አላቸው። "በሰው በዓል ላይ?" አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ያ "አብሽሩ" እሺታ አልነበረም። የወሎ ሰው ቢከፋውም በሰው ድግስ ላይ ፊቱን አያጠቁርም፤ እናትየው ያደጉት በዚህ ነው። ልጆቹ ያሳደጋቸውን ምግባር ይዘው መልሰው እናታቸው ላይ ደፉት።

"ለሴቶቹማ ጨዋታ ነው፣ ራሳቸው ይስቃሉ"

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ተብሎ የተገዛ ነጭ ቀሚስ ሲረጥብ ገላ ላይ ይጣበቃል። ረጪው ይህን ያውቃል፤ ጓደኛው ስልኩን አስቀድሞ የደገነውም ለዚህ ነው። ልጅቷ የምትስቀው ብታለቅስ ቪዲዮው እንደሚብስባት ስለገባት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ ረጪዎቹ የራሳቸው እህት ስትመጣ ሃይላንዱን ወደ ኋላ ይደብቃሉ።

"በውሃ ማን ይከሰሳል?"

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2038 ሆን ብሎ ሰውን ያለፈቃዱ መንካት ጥፋት ነው ይላል። በእጅ ይሁን በሌላ ነገር ለውጥ የለውም፤ መቁሰልም አይጠይቅም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2039 ደግሞ፣ ሰውዬው ይቃወማል ብሎ ለመገመት የማይቻል ከነበረ አድራጊው አይጠየቅም ይላል። ጥምቀተ ባሕሩ ዳር እጁን ዘርግቶ የቆመውን የረጨ ካህን እዚህ ውስጥ ይገባል። ወረቀት ደረቷ ላይ ይዛ ጥግ ጥጉን የምትሄድን ሴት የረጨ ግን አይገባም። በርግጥ ወሎ ውስጥ ለዚህ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አላየሁም፣ ሽማግሌ ይበቃል፤ ግን "ሕጉ ዝም ብሏል" ማለት ስህተት ነው።

"ይሄ ከተከለከለ በዓሉ ይቀዘቅዛል"

ማኒላ አጠገብ ያለችው የፊሊፒንሷ ሳን ሁዋን ከተማ የመጥምቁ ዮሐንስን በዓል በየዓመቱ ሰኔ 17 ቀን ውሃ በመራጨት ታከብራለች። እዚያ መራጨቱ ራሱ ባህል ነው፣ እንደኛ ጥግ ላይ የተጨመረ አይደለም። በፈረንጆቹ 2024 ግን ወደ ሥራ የሚሄዱ ተሳፋሪዎችና ሞተረኛ መልእክተኞች ሳይወዱ በግድ ረጠቡ፣ የሰው ቁጣ ከአገር አገር ተሰማ፣ ከንቲባው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። በዓመቱ መራጨቱ ለዚሁ በተከለለ አንድ ጎዳና ላይ እንዲሆን ተደረገ። በዓሉ አልቀረም፤ መርጠብ የፈለገ ወደዚያ ሄደ። የእኛ ደግሞ ከዚያ ይቀላል፣ የተለየው ቦታ ድሮውኑ አለ፤ ጥምቀተ ባሕር ይባላል።

"ምን አለበት፣ ውሃ ነው፣ ይደርቃል"

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ጥር ደግሞ የውርጭ ወር ነው። የጦሳ ተራራን ንፋስ በእርጥብ ልብስ የቀመሰ ሰው "ይደርቃል" አይልም። ያም ሆኖ የእናትየው ጅልባብ በባለሱቁ የከሰል ምድጃ ዙሪያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደርቋል። ወረቀቱም ደርቋል። የመድኃኒት ማዘዣ ነበር፣ የባለቤታቸው። ቀለሙ ሟሙቶ ሰማያዊ ደመና መስሏል። ባለሱቁ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አገላብጦ አየው፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔም አየሁት። "ሀኪሙ ነገ ይገባል?" አሉን። ነገ ቃና ዘገሊላ ነበር።