ሲሪስና ፓራለል፦ አከራያችን ምጣድ ሲጥዱ መብራታችን ለምን ይፈዛል?

የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ከምንጩ ጋር የማገናኛ መሠረታዊ መንገዶች ሁለት ናቸው። የመማሪያ መጽሐፉ ተከታታይና ትይዩ ይላቸዋል። አዳማ ውስጥ መስመር የሚዘረጋላችሁ ልጅ ግን ሲሪስና ፓራለል ነው የሚለው፣ እኔም እንደሱ ልበል። በሲሪስ የኤሌክትሪክ ጅረቱ (ከረንቱ) መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ከአንዱ አምፖል ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። በፓራለል እያንዳንዱ አምፖል ከሁለቱ ዋና ሽቦዎች የራሱን ቅርንጫፍ ይዞ ይወጣል።

ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ አዳማ የገባ ሰው የክፍያ ጣቢያውን ያውቀዋል። መስኮቶቹ ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ቢዘጋ መኪናው በሌላው ያልፋል፣ መስኮት በተጨመረ ቁጥርም በደቂቃ የሚያልፈው መኪና ይበዛል። ፓራለል ማለት ይህ ነው። ሲሪሱ ደግሞ ያው መኪና መግቢያ ላይ ካርድ ወስዶ መውጫ ላይ መክፈሉ ነው፤ ሁለቱንም ማለፍ አለበት፣ አንዱ ጋ ከቆመ ቆመ።

በሲሪስ ጅረቱ በሁሉም ዕቃ ላይ እኩል ነው፣ የሚከፋፈለው ቮልቴጁ፣ ማለትም ጅረቱን የሚገፋው ግፊት ነው። በፓራለል ደግሞ ቮልቴጁ ለሁሉም አንድ ነው፣ የሚደመረው ጅረቱ ነው። ሬዚስታንስ፣ ማለትም ዕቃው ለጅረቱ ያለው ተቃውሞ፣ በሲሪስ ይደመራል፤ በፓራለል ግን ጠቅላላው ከትንሹም ያንሳል። ብዙ ተማሪ የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው፤ ዕቃ ሲጨመር ተቃውሞው የሚጨምር ይመስለዋል። መስኮቶቹን ያስታውስ።

እስኪ ሁለት የድሮዎቹን ባለ ክር አምፖሎች እናንሳ፣ አንዱ 60 ዋት፣ ሌላው 100። በፓራለል ሁለቱም 220 ቮልታቸውን ያገኛሉና ባለ 100ው ይደምቃል። በሲሪስ ስናስራቸውስ? ሁለቱም ይፈዛሉ፣ ግን የሚሻለው ባለ 60ው ነው! የሱ ክር ሬዚስታንስ ወደ 807 ኦም ነው፣ የባለ 100ው 484። በሁለቱም የሚያልፈው ጅረት አንድ ስለሆነ ሬዚስታንሱ የበዛው ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ በስሌት 23 ዋት ለ14። ክሩ ሳይግል ሬዚስታንሱ ስለሚወርድ በተግባር ቁጥሩ ይለያል፣ አሸናፊው ግን ያው ነው።

ድሮ መንገድ ላይ የሚበሩት የአርክ መብራቶች ብዙ ጊዜ በሲሪስ ነበር የሚታሰሩት። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ፐርል ስትሪት ላይ ጣቢያውን ሲከፍት ለደንበኞቹ የመረጠው ፓራለልን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎረቤት መብራቱን ስላጠፋ ያንተ መጥፋት የለበትም።

ቤታችንም እንደዚያው ነው። አምፖሉ፣ ፍሪጁ፣ በአዳማ ሙቀት ያለሱ የማይታደርበት ቬንትሌተር፣ ሁሉም ፓራለል ናቸው። ሲሪስ የሚታሰሩት ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው፤ ማብሪያ ማጥፊያውና ብሬከሩ። መንገዱ ላይ ካልተቀመጡ ምን ይቆርጣሉ?

ታዲያ ፓራለል አንዱ ሌላውን የማይነካበት ከሆነ፣ የኔ መብራት ለምን ይፈዛል? ግቢያችን ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ነው ያለነው። ቅዳሜ ጠዋት አምፖሌ ደብዘዝ፣ ቬንትሌተሩም ቀዝቀዝ ካለ ጭንቅላቴን በበሩ አወጣና «እትዬ፣ ምጣድ ጣዱ እንዴ?» እላለሁ። ሁሌም ጥደዋል። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ያ ሁሉ ጅረት የሚመጣው ከፖሉ እስከ ግቢያችን በተዘረጋው በዚያው ሽቦ ነው፣ ሽቦው ደግሞ ለሁላችንም ሲሪስ ነው። የሽቦው ሬዚስታንስ 1 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ ወደ 15 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ንጹህ ፓራለል ያለው ወረቀት ላይ ነው።

ዲቫይደርም ጣጣው ከዚሁ ነው። አራት ቀዳዳ ስላለው አራት ነገር ይሰካበታል፤ ስቶቭ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ቻርጀር። አራቱም ፓራለል ናቸው፣ ጅረታቸው ግን ተደምሮ በአንዲት ቀጭን ገመድ ያልፋል። ገመዱን በእጃችሁ ስትነኩት ከሞቀ ንቀሉ፣ ሽታ አትጠብቁ።

ሲሪስ ውራጅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሪሞት ውስጥ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አንዱ በሌላው ጀርባ ሲገባ 1.5 እና 1.5 ተደምሮ 3 ቮልት ይሆናል። የባጃጅ ባለ 12 ቮልት ባትሪም ውስጡ በሲሪስ የታሰሩ ባለ 2 ቮልት ስድስት ክፍሎች ነው። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ደግሞ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በሲሪስ ይዘው በ24 ቮልት ይነሳሉ። የቤት መኪና ባትሪ ሲተኛ ከሌላ መኪና በኬብል የምናስነሳው ግን በፓራለል ነው፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ። ከከባድ መኪና 24 ቮልት ወደ ትንሿ መኪና መሳብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዋን ለማቃጠል በቂ ነው።

በትልቁም ቢሆን ሥራው ያው ነው። ከአዳማ ዳር ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ማመንጫዎች በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት፣ በድምሩ 204። ወደ መስመሩ የሚገቡት በፓራለል ስለሆነ አንዱ ለጥገና ሲቆም ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ቴስተር ለገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ቮልቴጅ የሚለካው በፓራለል ነው፣ ሁለቱን ጫፎች ነክቶ። አምፔር የሚለካው ግን መስመሩን ቆርጦ፣ ቴስተሩን መሀል አስገብቶ፣ በሲሪስ ነው። ቴስተሩ አምፔር ላይ ሆኖ ሬዚስታንሱ ዜሮ ሊባል ትንሽ የቀረው ስለሆነ፣ እንዲያ እንዳለ ባትሪ ጫፍና ጫፍ ላይ ከተነካ ሾርት ማለት ነው፣ ውስጡ ያለችው ባልቦላ ጧ ትላለች። የኔ ሁለት ጊዜ ብላለች፤ ሁለተኛውን እንኳ ለማንም አልተናገርኩም።