ሜልስ፦ የአንድ የእንግሊዝ ገጠር አጥቢያ የጦርነት መታሰቢያዎች

ሜልስ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሰመርሴት ግዛት የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ፍሩም ከምትባለው ከተማ በስተምዕራብ፣ በሜንዲፕ ኮረብታዎች አካባቢ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩባት ባዝ ከተማም በመኪና ብዙ አትርቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የድንጋይ ቤቶች፣ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጎኑ የባላባቶቹ ግቢ፣ አንድ መጠጥ ቤት። በእግር ለሚዞራት ሰው ጊዜ አትፈጅም።

ሆኖም የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መታሰቢያዎች የሚያጠኑ ሰዎች ሜልስን ሳያነሱ አያልፉም። ሰር ኤድዊን ላትየንስ የተባለው ታዋቂ አርክቴክት በዚህች ጠባብ ቦታ ሦስት መታሰቢያዎች ላይ እጁን አሳርፏል። አንዱ የመንደሩ ሁሉ ነው። ሁለቱ የሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ሰውየው ለንደን መሃል የቆመውን ሴኖታፍ የሚባለውን የአገሪቱን ዋና መታሰቢያ የነደፈ ነው።

ሬሳ የሌለበት ሐዘን

ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ እኛ ዘንድ መርዶው ይነገራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ቤተሰቡ እርሙን ያወጣል። የእንግሊዝ ገጠር ሰው ግን ሟቹን የሚያስበው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጦርነቱ ይህንን ነው የወሰደበት።

መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሬሳ ከፈረንሳይ አስቆፍረው ያስመጡ ነበር። በ1915 ይህ ተከለከለ። ከክልከላው ጀርባ ከቀይ መስቀል ጋር ወደ ጦር ግንባር የሄደው ፋቢያን ዌር ነበረበት። የሀብታሙ ልጅ አገሩ ገብቶ የድሃው ልጅ ባዕድ አፈር ላይ ይቅር የሚለው ነገር አልዋጥ አለው። በ1917 የተቋቋመውና ዌር የመራው የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ሐሳቡን ደንብ አደረገው። መኮንን ሆነ ተራ ወታደር፣ ሁሉም መጠኑ እኩል የሆነ ድንጋይ ይቆምለታል። አዲስ አበባ ያለውን የኮመንዌልዝ ወታደሮች መካነ መቃብር ያየ ሰው እነዚያን የተሰለፉ ድንጋዮች ያውቃቸዋል፤ የዚሁ ኮሚሽን ሥራ ናቸው።

ቤተሰቡ በድንጋዩ ግርጌ የራሱን ቃል ማስጻፍ ይችል ነበር። ግን ከ66 ፊደል እንዳይበልጥ። ለአንዱ ፊደል ደግሞ ሦስት ፔኒ ተኩል ይጠየቅ ነበር፤ በኋላ ነው ክፍያው በፈቃደኝነት የሆነው። ልጇን የቀበረች እናት የመጨረሻ ቃሏን ፊደል እየቆጠረች ነው የጻፈችው።

መርዶው ራሱ እኩል አልነበረም። ለመኮንን ቤተሰብ ቴሌግራም ይመጣል። ለተራ ወታደር ቤተሰብ ግን የታተመ ቅጽ በፖስታ ይላካል፤ ስምና ቀን ብቻ በእጅ ይሞላበታል። በኋላ ለየሟቹ ቤተሰብ ክብ የነሐስ መታሰቢያ ተላከ። ወርዱ 12 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የሟቹ ስም ያለ ማዕረግ ተቀርጾበታል። ሕዝቡ ‹የሟች ሳንቲም› ብሎ ስም አወጣለት። ምርር ያለ ቀልድ ነው።

ብሪታንያ በዚያ ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ሰው አጥታለች። አብዛኛው ለቀስተኛ የሚሄድበት መቃብር አልነበረውም። ስለዚህ መንደሩ ስሞቹን በድንጋይ አስቀርጾ መንገድ ዳር፣ አደባባይ ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቆማቸው። እርም ማውጫ ነው ብንለው አንሳሳትም። ዛሬ በመላ ብሪታንያ የተመዘገቡት የጦርነት መታሰቢያዎች ከ90 ሺህ በላይ ናቸው።

ስሙ ይግባ ወይስ አይግባ?

ለእነዚህ የመንደር መታሰቢያዎች መንግሥት ገንዘብ አልሰጠም። ሁሉም በመዋጮ ነው። ቄሱ፣ ባላባቱ፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪና ሌሎችም ሆነው ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኮሚቴ ካለ ጭቅጭቅ አለ። አንዱ ሐውልት ይቁም ይላል። ሌላው በድንጋይ ምን ይሠራል፣ ሕያዋን የሚጠቀሙበት የመንደር አዳራሽ ይሠራ ይላል። ደወል የገዙ፣ የመጫወቻ ሜዳ ያዘጋጁም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው የስም ዝርዝሩ ነበር። እዚህ ተወልዶ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ የሄደው የማን ነው? በቁስሉ ማቅቆ ጦርነቱ ካበቃ ከዓመት በኋላ የሞተውስ? የአንዳንዱ ስም ሁለትና ሦስት ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ሌላው ደግሞ የሚጠይቅለት ዘመድ ከመንደሩ ስለለቀቀ ጭራሽ ተረስቷል። አንዳንዱ ሐውልት ላይ ‹1914–1918›፣ ሌላው ላይ ‹1914–1919› የሚነበበው ጥይቱ የቆመው በኅዳር 1918፣ የቬርሳይ ውል የተፈረመው ግን በሰኔ 1919 ስለሆነ ነው።

በዚህ ጉዳይ ፉልስቶ የምትባለው የሊንከንሻየር መንደር ታሪክ የተለየ ነው። ከመንደሩ ልጆች አንዱን የራሱ ጦር ያለፈቃድ ጠፋህ ብሎ ረሽኖታል። ስሙ ከሌሎቹ ጋር አይጻፍም ሲባል መንደሩ እሱ ከሌለ ማንም አይጻፍ አለ። በቃ፣ ሐውልቱ ሳይሠራ ቀረ። ሁሉም ስሞች አንድ ላይ ተጽፈው መታሰቢያው የተመረቀው በ2005 ነው። በዓመቱ መንግሥት በጦርነቱ ለተረሸኑ ከ300 በላይ ወታደሮች ምሕረት ሰጠ። መንደሩ ቀድሞታል።

የሜልስ ሐውልት

ላትየንስ ከሆርነር ቤተሰብ ጋር ወዳጅነቱ ከጦርነቱ በፊት የጀመረ ነው። ሆርነሮች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሜልስ ባላባቶች ነበሩ። ለሐውልቱ ቦታ ለመምረጥ ከመንደሩ ትልልቅ ሰዎች ጋር ሜልስን ዞረ። ከዚያ ዙረት በኋላ ወጣቶቻቸው ሁሉ ተገድለዋል ሲል ተናግሯል።

የተሠራው ነገር ትልቅ አይደለም። ከመንገድ ዳር አንድ የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ጫፉ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲገድል ይታያል። ጊዮርጊስ የእንግሊዝም ጠባቂ ቅዱስ ነው፤ ለእኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። ከዓምዱ ግርጌ የሟቾቹ ስም ተቀርጿል። ግራና ቀኙ ከአካባቢው ድንጋይ የተካበ ግንብ ሲሆን፣ ከግንቡ በላይ ዪው ከሚባለው ሁሌ አረንጓዴ ዛፍ የተከረከመ አጥር በቅሏል። ዪው በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ግቢ የማይጠፋ ዛፍ ነው። ከግንቡ ሥር ዝቅ ያሉ የድንጋይ መደቦች ወጣ ወጣ ብለዋል፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጥባቸዋል።

ጽሑፉ የሚናገረው በሟቾቹ አንደበት ነው። በባዕድ ምድር የጦርነትን ጥቁር ደመና እየተጋፈጥን ሞትን፣ ይህ ድንጋይ ግን በምንወደው አገራችን ቆመልን ይላል። ድልም ጠላትም አላነሳም። እኔ እንደማስበው የዚህ ሐውልት ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ብዙ የመንደር ሐውልቶች ስለ ክብርና ስለ ንጉሥ ሲያወሩ፣ ይህኛው የሚያወራው ቤታቸው ስላልገቡ ሰዎች ነው።

ሐውልቱን ሰኔ 26 ቀን 1921 የመረቀው ብርጋዴር ጄኔራል አርተር አስኩዊዝ ነው። እንዲሁ ለክብር የተጠራ ባለሥልጣን አልነበረም። በጦርነቱ አንድ እግሩን አጥቷል። ሬይመንድ የተባለው የታላቅ ወንድሙ ስምም እዚያው ድንጋይ ላይ አለ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች በግንቡ ግራና ቀኝ በተጨመሩ ሰሌዳዎች ተጽፈዋል። በሌሎች መንደሮችም የተለመደው ይኸው ነው፤ አዲስ ሐውልት ከማቆም በነበረው ላይ ስም መጨመር።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ

ወደ ቅዱስ እንድርያስ ሲገባ ነገሩ ይቀየራል። እዚያ አንድ ወጣት በነሐስ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ኤድዋርድ ሆርነር ይባላል። የሆርነሮች የመጨረሻ ወንድ ወራሽ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ከጦርነቱ በፊት በልጅነቱ በሕመም ሞቷል። ኤድዋርድ በ1915 ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ። እቤትህ አርፈህ ተቀመጥ ቢባል የሚፈርድበት አልነበረም። እሱ ግን ወደ ጦር ግንባር ተመለሰ። ኅዳር 21 ቀን 1917 በካምብሬ ውጊያ፣ ኖየል በተባለች መንደር ተገደለ። ዕድሜው 29 ነበር።

ፈረሱንና ፈረሰኛውን የሠራው አልፍሬድ መኒንግስ ነው። መኒንግስ ፈረስ በመሳል ስሙ የገነነ ሠዓሊ ነበር፤ በኋላ የሮያል አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኗል። መቆሚያውን የነደፈው ላትየንስ ሲሆን ቅርፁ ሴኖታፉን ያስታውሳል። ሰው ቶሎ የሚያየው ፈረሱን ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን መቆሚያው ላይ የተገጠመው ተራ የእንጨት መስቀል ነው። በፈረንሳይ መቃብሩ ላይ መጀመሪያ ተተክሎ የነበረው እሱ ነው። ኮሚሽኑ የእንጨት መስቀሎቹን በድንጋይ ሲተካ ቤተሰቦች አሮጌውን መውሰድ ይችሉ ነበር። ሬሳው ስላልመጣ መስቀሉ መጣ። በእንግሊዝ ገጠር ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች ግድግዳ ላይ የአፈሩ ምልክት ሳይቀር ያለባቸው እንዲህ ያሉ መስቀሎች ተሰቅለዋል።

ሌላው መታሰቢያ የሬይመንድ አስኩዊዝ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ኸርበርት አስኩዊዝ የበኩር ልጅ፣ በኦክስፎርድ አብረውት የተማሩት ሁሉ የሚደነቁበት ጠበቃ ነበር። የኤድዋርድን እህት ካትሪንን አግብቶ ነው ከሜልስ ጋር የተዛመደው። መስከረም 15 ቀን 1916፣ በሶም ዘመቻ፣ ወታደሮቹን እየመራ ሲወጣ ደረቱን ተመታ። የመቁሰሉን ክፋት እንዳያዩበት ሲጋራ ለኮሰ ይባላል። አባቱ ያኔ ሥልጣን ላይ ነበሩ፤ የአገሪቱ መሪ መሆናቸው ግን የልጃቸውን ሬሳ አላስመጣላቸውም። የተቀበረው እዚያው ፈረንሳይ፣ ጊዩሞን አጠገብ ነው። በሜልስ ቤተ ክርስቲያን ላትየንስ የነደፈው የነሐስ ጉንጉን ተሰቅሎለታል። ከሥሩ ኤሪክ ጊል የተባለው ቀራጺ በግድግዳው ድንጋይ ላይ የላቲን ጽሑፍ ቀርጾለታል።

እንግዲህ የፋቢያን ዌር እኩልነት የሚሠራው ፈረንሳይ ነበር ማለት ነው። አገር ቤት ሲደረስ የገበሬው ልጅ ስም ይደርሰዋል፣ የባላባቱ ልጅ ስምም ፈረስም። ፈረሱ ውብ ሥራ ነው፤ አልክድም። የእናቱ የፍራንሲስ ሆርነር ሐዘንም የውሸት አልነበረም፤ ሁለቱንም ወንዶች ልጆቿን ነው ያጣችው። ያም ሆኖ ላቲን ማንበብ ለማይችለው የመንደሩ ሰው የተሠራው መንገድ ዳር ያለው ዓምድ ነው።

ከሜልስ ትንሽ ኪሎሜትሮች ርቃ ቻንትሪ የምትባል መንደር አለች። ከቻንትሪ የዘመቱት ሁሉ በሕይወት ተመልሰዋል። ይህ የገጠማቸው መንደሮች በእንግሊዝና በዌልስ ከሃምሳ ብዙም አይበልጡም፤ ‹አመስጋኝ መንደሮች› ይባላሉ።

ዛሬ

በየአጥቢያው ከስሞቹ ጀርባ ያለውን ሰው የሚፈልጉ አሉ። ብዙ ጊዜ ጡረተኞች ናቸው። የ1911ን የሕዝብ ቆጠራ፣ የኮሚሽኑን መዝገብና የሜዳሊያ ዝርዝር ያገላብጣሉ። ትልቁ እንቅፋታቸው በ1940 የጀርመን ቦምብ ለንደን ላይ የወታደሮቹን የግል ማኅደር ያስቀመጠውን መጋዘን ማቃጠሉ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነዷል። ስለዚህ ድንጋዩ ላይ ያለው የአንዳንዱ ልጅ ስም፣ ዕድሜውና የሞተበት ቀን ካልሆነ ምንም የለውም።

በኅዳር ወር፣ ለ11ኛው ቀን በሚቀርበው ሁለተኛው እሑድ፣ ሰዎች ደረታቸው ላይ ቀይ የፖፒ አበባ ሰክተው በየሐውልቱ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። መለከት ይነፋል። ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። በብዙ ቦታ ስሞቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ። የሜልስ ሐውልት በሁለተኛው የቅርስ ደረጃ ተመዝግቧል፤ ከ2015 ወዲህም የላትየንስ የጦርነት መታሰቢያዎች አገር አቀፍ ስብስብ አካል ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ በመቃብሩ ቦታ፣ ገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን ተቀብሯል። የሜልስ ልጅ አልነበረም። በጀግንነቱ የተሸለመ መኮንን ሆኖ ሳለ በ1917 ጦርነቱን በይፋ የተቃወመ፣ ስለ ትላልቅ የጦርነት መታሰቢያዎችም መራራ ግጥም የጻፈ ሰው ነው። እዚህ መቀበር የፈለገው ሮናልድ ኖክስ ከተባለው ካህን አጠገብ ለመሆን ነው። የሞተው በ80 ዓመቱ፣ በ1967 ነው። ድንጋዩ ትንሽ ነው፤ ስሙን፣ ዓመቶቹንና ‹በሰላም ይረፍ› የሚለውን ብቻ ይዟል።