ውሃ አሳላፊ አስፋልት፦ ጥንካሬው እንዴት ይፈተሻል?

ውሃ አሳላፊ አስፋልት አሸዋውና ደቃቁ ጠጠር ተቀንሶለት፣ መጠናቸው በሚቀራረብ ጠጠሮች የሚሠራ ንጣፍ ነው። ከመቶው 20 እጅ ገደማው ባዶ አየር ነው። የተለመደው አስፋልት ሲቀመም የሚተውለት ክፍተት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው።

ዝናቡ በክፍተቱ ይሰርጋል፤ መንገዱ ላይ ውሃ አይቆምም፤ የጎማ ጫጫታም ይቀንሳል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ክፍተት ነው። አየርና ውሃ እንደልብ ስለሚገቡ ጠጠሩን የለበጠው ሬንጅ ቶሎ ይደርቃል። የደረቀ ሬንጅ ደግሞ ጠጠር አይዝም። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይነቀላል። ስለዚህ የጥንካሬ ፍተሻ ሲባል ዋናው ጥያቄ ጠጠሩ ይነቀላል ወይስ አይነቀልም ነው።

ለዚህ ጥያቄ ላብራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት ካንታብሮ የተባለውን ፍተሻ ነው። የተወለደው በሰሜን ስፔን፣ ሳንታንደር ከተማ ሲሆን ስሙም ከአካባቢው ከካንታብሪያ የመጣ ነው። የሚያምር ቅለት አለው። ድብልቁ ማርሻል በተባለ የአስፋልት ናሙና መጠቅጠቂያ መዶሻ ከላይና ከታች 50 50 ጊዜ ተመትቶ እንደ ድቡልቡል ዳቦ ያለ ናሙና ይሆናል። ይመዘንና የሎስ አንጀለስ ከበሮ በሚባለው፣ የጠጠርን ጥንካሬ በሚፈትሸው የሚሽከረከር የብረት በርሜል ውስጥ ብቻውን ይገባል። ጠጠር ሲፈተሽ አብረው የሚገቡት የብረት ኳሶች እዚህ አይገቡም። ከበሮው 300 ጊዜ ይዞራል፤ በቃ፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ናሙናው ሲወጣ ጠርዙ ተሸራርፎ ድንች መስሏል። ፍርፋሪው ይተውና እሱ ብቻ እንደገና ይመዘናል። 1,000 ግራም ገብቶ 850 ከወጣ ብክነቱ 15 በመቶ ነው።

ኤኤስቲኤም ዲ7064 የተባለው የአሜሪካ የጥራት ደረጃ ለአዲስ ናሙና እስከ 20 በመቶ ብክነት ይፈቅዳል። በ60 ዲግሪ ሙቀት 7 ቀን ላረጀ ናሙና ደግሞ በአማካይ እስከ 30። ትክክለኛው ፈተና ሁለተኛው ነው፤ ያላረጀ ሬንጅማ ማንንም ይይዛል።

ከበሮ የጎማን ሥራ አያስመስልም የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ናሙናው የሚጎዳው በመላተም እንጂ በጎማ ፍትጊያ አይደለም። ለዚህም ይመስላል አውሮፓ ውስጥ ጎማን በንጣፍ ቁራጭ ላይ የሚያሽከረክሩ መሣሪያዎች የመጡት፤ በጀርመኗ አኸን ከተማ ስም የሚጠራው ማሽን አንዱ ነው። አብዛኛውን አውራ ጎዳናዋን በዚህ አስፋልት ያለበሰችው ኔዘርላንድስም ዋና ራስ ምታቷ ይኸው የጠጠር መነቀል ነው። ያም ሆኖ በዋጋም በፍጥነትም ካንታብሮን የሚስተካከል የለም።

ሬንጁ ገና ትኩስ እያለ ወደ ታች እንዳይንጠባጠብ የሚመዘንበት የወንፊት ቅርጫት ፍተሻም አለ፤ የሚፈቀደው ከድብልቁ ክብደት እስከ 0.3 በመቶ ነው።

መንገዱ ከተሠራ በኋላ የሚታየው ቀዳዳው መደፈኑ ነው። ለውሃ አሳላፊ ኮንክሪት የወጣው ዘዴ እዚህም ያገለግላል። 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት መሬቱ ላይ ይጣበቅና 3.6 ኪሎ ውሃ ይፈስበታል። ከ30 ሰከንድ በፊት ጠፍቶ ካለቀ ዋናው የስርገት ፍጥነት ልኬት በ18 ኪሎ ውሃ ይደረጋል፤ ከቆየ ግን እዚያው 3.6 ኪሎ ላይ ይቀራል።