የጓዳዋ አይጥ ከእንጦጦ አልወረደችም

በሱሉልታ፣ በቡራዩም ሆነ በለገጣፎ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ጓዳው ውስጥ አይጥ ባየ ቁጥር ጣቱን ወደ ጫካው ይቀስራል። «ያ ጫካ ቢመነጠር እንገላገል ነበር» ይላል። ይህን መስማት ይሰለቻል፤ ተሰምቶ ጫካው ሲመነጠር ደግሞ ያናድዳል።

ጓዳ ለጓዳ የሚኖሩት የቤት አይጥና ጥቁሩ አይጠ መጎጥ ናቸው። ሁለቱም የዚህ አገር ተወላጅ አይደሉም። አይጠ መጎጡ መነሻው ህንድ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው በሰው ጭነት ተሳፍሮ ነው። አዲስ ሰፈርም የሚደርሱት እንዲሁ በእህል ጆንያ፣ በካርቶንና በአሮጌ ዕቃ ነው።

የጫካዎቹ ሌሎች ናቸው። በመናገሻ ሱባ ጽድና ዝግባ ሥር በብዛት የምትገኘው እግረ ነጯ አይጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም። ጫካ ጥግ ያለ ቤት አልፎ አልፎ ብትገባም ኑሮዋ ቁጥቋጦው ውስጥ ነው። ጎረቤቷ ሌላዋ የጫካ አይጥ ፀጉረ ሸካራ፣ ጅራተ አጭር ናት፤ ነፍሳትና ትል ትለቅማለች፣ ጅራቷ ደግሞ ሲይዟት ይበጠሳል። ጤፍዎን የምትጨርሰው እሷ አይደለችም።

ሜዳው ላይ ሌላ ዓይነት አለ። ረጅሙን ሣር በእጅ ገለጥ ቢያደርጉ የተረገጠ፣ ሁለት ሦስት ጣት የሚሰፋ ጠባብ መንገድ ያያሉ፤ ዳር ዳሩን በጥርስ የተቆረጠ የሣር አገዳ ተከምሯል። የሣር አይጥ ናት፤ በጠራራ ፀሐይ ስለምትሮጥ «ቀን የወጣች አይጥ ታማለች» የሚለው ወሬ እሷን አይመለከትም።

ሜዳና ቤት በዋነኛነት የምታገናኘው አንዷ ናት፦ ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ በሚወርደው የእርሻ ምድር ያለችው ባለ ብዙ ጡቷ አይጥ። ጡቶቿ እስከ 24 ይደርሳሉ፤ እርግዝናዋ 23 ቀን ገደማ ነው፤ በአንዴ አሥርና ከዚያም በላይ ትወልዳለች። ክረምት ሲዘንብ ትረባለች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰብሉ ሲታጨድ መሸሸጊያ ታጣና ወደ ክምሩና ወደ ጎተራው ትዞራለች። ጫካ መንጥሮ ማሳ ማስፋት እንግዲህ እግረ ነጯን አባርሮ ለዚህችኛዋ ቦታ መልቀቅ ነው።

ሌሎቹን የተሳሳቱ ወሬዎች በአጭሩ። ባህር ዛፍ አይጥ አያራባም፤ ሥሩ ራቁቱን የቀረ ተክል ምግብም መሸሸጊያም የለውም። የእንጦጦ ቋጥኝ ላይ የሚሞቀው ሽኮኮ የአይጥ ዘመድ አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ዝሆን ነው። ጃርት እሾኹን አይወረውርም፤ ወደ ኋላ ሮጦ ይወጋል፣ ላላ ያለው እሾኽ የነካው ላይ ይቀራል። ፍልፈል ዕውር አይደለም፤ ዓይኑ ትንሽ ነው። ጉጉትን በሟርት ሰበብ መግደል ደግሞ የራስን ዘበኛ መግደል ነው።

የሚሠራው ይኸው ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ ወይም በወፍራም የብረት ወንፊት ይደፈን፤ ለቤት አይጥ ለመግባት ያ ይበቃታል። ግድግዳውን ተከትሎ 2 ሜትር ያህል ሣር ይታጨድ። ጎተራው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይበል፣ እያንዳንዱ እግሩ ላይ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ጉልላት ይግባ፤ መሰላል ተደግፎ ካደረ ግን ቆርቆሮው ከንቱ ነው። ወጥመድ የሚቀመጠው ክፍሉ መሐል ሳይሆን ማጥመጃው ግድግዳውን እንዲነካ ሆኖ ነው፤ አይጥ የምትሄደው ጥግ ጥጉን ነውና። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለውን የአይጥ መርዝ የሚጠቀሙ ሰዎች በመጀመሪያው ሌሊት መርዙን ይበትናሉ፤ አይጧ ጥቂት ቀምሳ ትታመማለች፣ ከዚያ ወዲያ አትነካውም። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ንጹሕ እህል አቅርበው ያስለምዷት፤ መርዙ ሲመጣ ደግሞ ልጅ፣ ዶሮና ውሻ የማይደርሱበት ሳጥን ውስጥ ይሁን።