የኮዲንግ ስታይል መመሪያ ምንድን ነው? ኮምፓይለር ላይ መሥራት ለምታስቡ

ድሬዳዋ ሳቢያንም ሁኑ ከዚራ፣ ወይ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ለምዳችሁ «አሁን አንድ ትልቅ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ ልግባ» የምትሉ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። በተለይ ዓይናችሁን ኮምፓይለር ላይ ከጣላችሁ። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትዕዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከተሳሳተ በእሱ የተሠራው ፕሮግራም ሁሉ አብሮ ሊሳሳት ይችላል።

የኮዲንግ ስታይል መመሪያ ደግሞ እዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ኮድ እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግግ ስምምነት ነው። ስም እንዴት ይወጣል፣ ኮሜንት እንዴት ይጻፋል፣ ከቋንቋው የቱ ይፈቀዳል፣ የቱ ይከለከላል። ብዙ ሰው የስፔስና የታብ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፤ ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ኤልኤልቪኤምን (LLVM) እንውሰድ፤ ኮምፓይለሮች የሚሠሩበት ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ክላንግ የሚባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር፣ የረስት እና የስዊፍት ቋንቋ ኮምፓይለሮችም እሱ ላይ ቆመዋል። መመሪያው መስመር ከ80 ፊደል አይለፍ ይላል፤ ገባ የሚለው በ2 ስፔስ ነው፣ ታብ የለም። የፈንክሽን ስም በትንሽ ፊደል ይጀምራል፣ የታይፕ ስም በትልቁ። አቦ፣ እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ! ክላንግ ፎርማት የሚባለው መሣሪያ የመስመሩንና የስፔሱን ጉዳይ ራሱ ያስተካክለዋል። ብቻ እናንተ የነካችሁትን መስመር ብቻ እንዲያስተካክል አድርጉት። ፋይሉን በሙሉ ካስተካከላችሁት፣ የለወጣችኋት ሦስት መስመር በአምስት መቶ የስፔስ ለውጥ ውስጥ ትሰወራለች፤ ሪቪው የሚያደርገውም፣ ማለትም ኮዳችሁን ከመግባቱ በፊት የሚመረምረው ሰው፣ ስህተቱን የት ብሎ ይፈልጋት?

ሌላ ፕሮጀክት ስትሄዱ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ጂሲሲ (GCC) የሚባለው ሌላው ኮምፓይለር «{» ቅንፍን ለብቻው መስመር ላይ ያወርዳል፣ በፈንክሽን ስምና በ«(» ቅንፍ መካከልም ስፔስ ይጨምራል። ኤልኤልቪኤም ውስጥ እንኳን ቫሪያብል በትልቅ ፊደል ይጀምር ይባላል፤ እዚያው ግቢ ያሉት ንዑስ ፕሮጀክቶች ኤልኤልዲ (LLD) እና ኤምኤልአይአር (MLIR) ግን በትንሽ ፊደል ነው የሚጀምሩት። ለዚህ ነው መመሪያው ገና ከመነሻው ወርቃማ ሕግ ብሎ ያስቀመጠው፦ የተጻፈ ኮድ ስታሻሽሉ እዚያ ያገኛችሁትን አጻጻፍ ተከተሉ። ከዚራ ቤት የሚሠራ ቀጥ ያለውን መንገድ ይዞ ይሠራል፣ መጋላ የሚሠራ ደግሞ የመጋላን ጠመዝማዛ ቅያስ። የትኛው ያምራል የሚለው ክርክር ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው። መመሪያው ቶሎ ውጡ ይላል። ከንቱ የሆነ መደመርን የሚያጠፋ ፈንክሽን እየጻፋችሁ ነው እንበል። ትዕዛዙ መደመር ከሆነ፣ ቁጥሮቹ ኢንቲጀር ከሆኑ፣ ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ፣ ያኔ አጥፋው። ይህን ኢፍ ውስጥ ኢፍ እያደረጋችሁ ከጻፋችሁት እውነተኛው ሥራ ሦስት ደረጃ ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ አንባቢው ሦስቱንም ሁኔታ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ነው እዚያ የሚደርሰው። ገልብጡት። መደመር ካልሆነ ሪተርን፣ ማለትም ከፈንክሽኑ ውጣ። ኢንቲጀር ካልሆነ ሪተርን። ዜሮ ካልሆነ ሪተርን። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሥራው ራሱ ነው። ከሪተርን በኋላ ኤልስ አትጻፉ የሚለውም ሕግ ከዚሁ ሐሳብ የመጣ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን ስለ ቅደም ተከተል የሚያስጠነቅቀው ክፍል ነው። ፖይንተሮችን (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዙ ቫሪያብሎችን) ሴት (set) በሚባለው ስብስብ ውስጥ ከታችሁ አንድ በአንድ ስታወጧቸው፣ የሚወጡበት ተራ ሜሞሪ ላይ በያዙት አድራሻ ሊወሰን ይችላል። አድራሻው ደግሞ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ይቀያየራል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፋይል ዛሬ ኮምፓይል አድርጋችሁ አንድ ውጤት፣ ነገ ሌላ ውጤት ልታገኙ ትችላላችሁ! ባጉ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ሪፖርት ያደረገው ሰው ጋ አለ፣ እናንተ ጋ የለም። መፍትሔው ተራ የሚጠብቅ ነገር መጠቀም ነው፣ ለምሳሌ ማፕቬክተር፣ ወይም በተረጋጋ መስፈርት ደርድሮ መሄድ። ይሄ ስታይል ተብሎ ቢጻፍም ጉዳዩ የውበት አይደለም፤ የኮምፓይለሩ ትክክለኛነት ነው።

አይኦስትሪም (iostream)፣ የሲ ፕላስ ፕላስ የማንበቢያና የመጻፊያ ሄደር፣ የተከለከለውም በምክንያት ነው። ሄደሩን ያስገባ ፋይል ሁሉ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሠራ ተጨማሪ ሥራ ይጎትታል፣ ኤልኤልቪኤም ደግሞ ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ላይብረሪ ነው። ስህተት ሲፈጠር የሚወረወረው ኤክሴፕሽንም የለም፣ የሚወጣው ፋይል እንዳይገዝፍ። አሰርት (ሁኔታው እውነት መሆኑን የሚፈትሽ፣ ካልሆነ ፕሮግራሙን የሚያቆም) ግን እንደልባችሁ ተጠቀሙ፣ ምን እንደተበላሸ የሚናገር ጽሑፍ ጨምራችሁበት።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሪቪው የሚያደርጉት ሰዎች ሌላ አህጉር ሊሆኑ ይችላሉ። ድሬ ላይ ማታ 2 ሰዓት የላካችሁት ፓች (የኮድ ለውጥ) ካሊፎርኒያ ላለ ሰው የሚደርሰው ጠዋት ነው፤ እሱ ሥራው መሀል አይቶ ሲመልስ እናንተ ተኝታችኋል። «ኮሜንቱ መጨረሻ ላይ ነጥብ ይጎድላል» የምትል አስተያየት እንዲህ አንድ ሙሉ ቀን ትበላለች። ኤልኤልቪኤም ኮሜንት እንደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ በነጥብ እንዲዘጋ ይፈልጋል፤ የስህተት መልዕክት ግን ተቃራኒው ነው፣ በትንሽ ፊደል ይጀምራል፣ ነጥብም አይደረግበትም። ሁለቱን ሳትልኩ በፊት እዩአቸው። የቅርጽ ማስተካከያ ብቻ ካላችሁም ለብቻው ፓች አድርጋችሁ ላኩት፣ ባህርይ ከሚቀይረው ጋር አታደባልቁት።