በቪዲዮ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከቱላ ወይም ከይርጋለም ሐዋሳ ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ መመላለስ ለታመመ ጉልበት ራሱን የቻለ ሥቃይ ነው። ሆኖም ክትትሉን በስልክ ቪዲዮ ማድረግ እንደሚቻል ሲነገር ብዙዎች አያምኑም። የሚያነሷቸውን ምክንያቶች በየተራ እንያቸው።

«ሳይነኩኝ እንዴት ያክሙኛል?»

ጥያቄው የሚመነጨው ፊዚዮቴራፒን ከመታሸት ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ጉልበቱን ለዓመታት ለሚያመው ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጭኑ ለሰለለበት ሰው ዋናው መድኃኒት ራሱ የሚሠራው እንቅስቃሴ ነው። ባለሙያው እንቅስቃሴውን ይመርጣል፣ መጠኑን ይወስናል፣ ስህተቱን ያርማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዓይን ነው።

በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፣ እግርን ከፍራሹ አንድ ስንዝር ማንሳትን እንውሰድ፤ 5 ሰከንድ ይዞ ማውረድ፣ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ቀላል ይመስላል። የጭን ጡንቻ ሲደክም ግን ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፍና ተረከዙ ወደ ኋላ ይቀራል። ታማሚው አይታወቀውም፤ ስልኩ በጎን በኩል ከተቀመጠ ግን ባለሙያው ወዲያው ያየዋል። ያኔ ቁጥሩን ወደ 6 ይቀንሳል፣ ወይም ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አስደርጎ ወደ ታች መጫን ያስጀምራል።

በአውስትራሊያ ሥር የሰደደ የጉልበት ሕመም ባለባቸው 394 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናትም፣ በቪዲዮ የታከሙት በአካል ከታከሙት ያላነሰ ለውጥ እንዳገኙ አሳይቷል።

«እንግዲያው ለሁሉም ይሆናል»

አይሆንም። ስትሮክ የመታው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ ሲነሳ ደጋፊ ባለሙያ አጠገቡ ሊኖር ይገባል። የደረቀ መገጣጠሚያን በእጅ ማላቀቅም በስክሪን አይቻልም። አንደኛው ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሆስፒታል መሄድ የግድ ነው።

«ቤቴ ለዚህ አይመችም»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የቪዲዮን ትልቁን ጥቅም ሳያይ ያልፋል። ክሊኒክ ውስጥ ታማሚው የሚነሳው ከከፍተኛ ወንበር ነው፤ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው በርጩማና ዝቅ ያለ ፍራሽ ነው። ባለሙያው ይህን ካየ ልምምዱን ከዚያ ይጀምራል። ለምሳሌ ዳሌው ለተቀየረለት ሰው በርጩማ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ሲል አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ቁጢጥ ማለት የሚጠይቀውን መጸዳጃ ቤትም ሳያፍሩ ማሳየት ያስፈልጋል።

የሚበቃው ቦታ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወንበሩ ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ተንሸራትቶ የሚጥለው እሱ ነውና። ውሃ የተሞላ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግማሽ ኪሎ ክብደት ይሆናል። በመለማመጃ ጎማ ገመድ ፋንታ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ለደረቀ ትከሻ ደግሞ የተጠቀለለ ነጠላ ይበቃል።

«ኢንተርኔቱ አይፈቅድም»

ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ እንደ ምስሉ ጥራት ከ150 እስከ 500 ሜጋ ባይት ይወስዳል። መስመሩ ደካማ ከሆነ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጾ አስቀድሞ በቴሌግራም መላክና ንግግሩን በመደበኛ ጥሪ ማድረግ ይቻላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩ ቀደም ብሎ ይሞላ።

ከመስመሩ ይልቅ ብዙ ቀጠሮ የሚያበላሸው የስልኩ አቀማመጥ ነው። መስኮቱ ከታማሚው ጀርባ ከሆነ ጥቁር ጥላ ብቻ ይታያል። ስልኩ በእጅ አይያዝ፤ አግድም ተደርጎ በወገብ ከፍታ ይደገፍ። ጉልበት ለማሳየት ቁምጣ ይለበስ፣ ወይም ቀሚሱ ከጉልበት በላይ ይሰብሰብ።

«እናቴ ስልክ አትችልም»

ልጅ ወይም ጎረቤት ካለ ይበቃል። ስትሮክ ላለባቸው እናት ግን ረዳቱ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ሲያነሳቸው የሰነፈውን እጅ አይጎትት። ትከሻው ያንን ሸክም አይችልም፤ ድጋፉ ከትከሻ አጥንት ጀርባና ከወገብ ይሁን።

«ካመመኝ ጎድቶኛል ማለት ነው»

ሕመሙ ከ10 ነጥብ ሲለካ 3 ወይም 4 ድረስ የሚደርስ፣ በማግሥቱ የሚበርድ ሕመም የተለመደ ነው። ከአንድ ቀን ካለፈ ወይም ጉልበቱ ካበጠ በሚቀጥለው ቀን ዙሩን በግማሽ ቀንሶ ለባለሙያው መልእክት መጻፍ ይገባል።