ሴልፍ ፈንድድ ፕላን ምንድን ነው? ከአይቪኤፍ ወጪ ጋርስ ምን አገናኘው?

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ሁለት ጥንዶችን እንውሰድ። አራቱም ሜሪላንድ ነው የሚሠሩት። ካርዳቸው ላይ ያለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ስምም አንድ ነው። ልጅ ለመውለድ ሁለቱም ጥንዶች አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከማህፀን ውጭ ተዋሕደው ጽንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና) ያስፈልጋቸዋል። የአንዶቹ ይሸፈናል፤ ሌሎቹ ግን "ፕላናችሁ ይህን አይከፍልም" ይባላሉ።

ልዩነቱ ያለው አሠሪው ጋ ነው። አንዳንዱ አሠሪ ለኢንሹራንስ ኩባንያ በየወሩ ፕሪሚየም ይከፍላል፤ ሠራተኛው ሲታከም ሂሳቡን የሚችለው ኩባንያው ነው። ይህ ፉሊ ኢንሹርድ ይባላል። በሴልፍ ፈንድድ ግን የሕክምናውን ሂሳብ አሠሪው ከራሱ ገንዘብ ይከፍላል። ኩባንያው ካርድ ያትማል፣ ወረቀቱን ይጨርሳል፣ ስልክ ያነሳል። አሜሪካ ውስጥ በሥራቸው በኩል ኢንሹራንስ ካላቸው ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ፕላን ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ይህን አያውቁም።

ሜሪላንድ ከ1985 ጀምሮ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች አይቪኤፍን እንዲሸፍኑ በሕግ ታስገድዳለች። ኩባንያው ሽፋኑን ለአንድ ልጅ በ3 ሙከራ፣ በጠቅላላው ደግሞ በ100,000 ዶላር ሊገድበው ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲም ከ2025 ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት። ችግሩ በ1974 የወጣው ኤሪሳ የተባለው የፌዴራል ሕግ ነው። የግል ድርጅቶች ሴልፍ ፈንድድ ፕላን በዚህ ሕግ ምክንያት ለስቴት የኢንሹራንስ ሕግ አይገዛም። አሠሪው ከፈለገ አይቪኤፍን ይሸፍናል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። የሜሪላንድ ሕግ 50 ወይም ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎችም አያስገድድም።

አንድ ዙር አይቪኤፍ መድኃኒቱ ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ከ15,000 ዶላር በላይ ይፈጃል። በመጀመሪያው ዙር የማይሳካላቸውም ብዙ ናቸው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዙር ሲሉ ዕቁባቸውን የሚያወጡ፣ የሚበደሩ አሉ። ለዚህ ነው ክሊኒክ ከመሄድ በፊት የፕላኑን ዓይነት ማወቅ የሚያስፈልገው።

በእኛ ማኅበረሰብ ልጅ አለመውለድ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ኤችአር (የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) ጋ ሄዶ መጠየቅ ያፍራል። ግን ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። "ፕላናችን ሴልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ?" ማለት ብቻ ይበቃል። ፉሊ ኢንሹርድ ከሆነ ፖሊሲው የወጣው በየትኛው ስቴት እንደሆነም ጠይቁ። የስቴቱ ሕግ በአብዛኛው የሚሠራው ፖሊሲው በወጣበት እንጂ እናንተ በምትኖሩበት አይደለም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እየኖረ ሜሪላንድ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሴልፍ ፈንድድ ከሆነ ደግሞ ሰመሪ ፕላን ዲስክሪፕሽን የሚባለውን፣ ፕላኑ ምን እንደሚሸፍን የሚገልጸውን ሰነድ አስልኩና ስለ መካንነት ሕክምና የተጻፈውን አንብቡ። ከስቴት ሕግ ውጭ ሆነውም በፈቃዳቸው አይቪኤፍ የሚሸፍኑ አሠሪዎች አሉ።

ባልና ሚስት ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ የሁለቱንም መሥሪያ ቤት ፕላን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። የተሻለው የባለቤታችሁ ከሆነ በኦፕን ኢንሮልመንት፣ ማለትም በየዓመቱ ፕላን መምረጥና መቀየር በሚፈቀድበት ወቅት ወደዚያ መዛወር ይቻላል።